መለሰ ይሙት

ቅናት አይደለም እያልኩ ለጓደኛዬ ለፈይዛ ስምልላት የከረምኩት ውሸቴን ነው። ቅናት ነበር፤ ያውም እህል የሚያስጠላ ቅናት። ምን ይደረግ? የራሱን ነገር ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ ቆሞ እያየ «ደግ አደረግሽ፣ ይቅናሽ» የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ወይ ጻድቅ ነው ወይ መጀመሪያውኑ አልፈለገውም። እኔ ጻድቅ አይደለሁም። ይሄነውን ደግሞ ፈልጌዋለሁ።

የመካነ ሰላም ልጅ ላልሆነ ሰው ትምህርት ቤታችንን ልንገር። ዩኒፎርሙ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን ሁለት ነው። እኛ የከተማዎቹ፣ የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች፣ ዕረፍት ሲሆን የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ እንሰየማለን። እነሱ፣ ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት፣ አጥሩ ጋ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ይቀመጣሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቁልቁል ወደየቀበሌያቸው ይወርዳሉ፤ እሑድ ድርቆሻቸውን፣ በሷቸውንና ሽሯቸውን በማዳበሪያ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኛ «ስንቆች» እንላቸዋለን። እነሱ ደግሞ እኛን «ዳቦ በሻይ» ይሉናል፤ ጠዋት ዳቦ በሻይ ቀምሰን መጥተን እስከ ምሳ መቆየት ስለማንችል ነው አሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሜዳ አቋርጦ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ኳስ እንኳ ወደዚያ ብትሄድብን «ወርውሩልን» እንላለን እንጂ ሄደን አናመጣትም።

አሥረኛ ክፍል ስንገባ የፊዚክስ መምህራችን አንድ ለአምስት ሲያደራጀን ጎበዙን ከደካማው፣ ከተማውን ከገጠሩ ቀላቀለው። የኔ ቡድን መሪ ይሄነው ሆነ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የላስቲክ ጫማ የሚያደርግ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ይሄ ደግሞ ምን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ፊቴን አጨፈገግኩ። እሱ ግን ፊቴን አላየም፤ ደብተሬን ነው ያየው። «ችግርሽ ፊዚክሱ አይደለም፤ ትቸኩያለሽ» አለኝ። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በአባቴ ስም የመለሰ ቆርቆሮ ልጅ እያለ ያሞግሰኛል እንጂ ስህተቴን ነግሮኝ አያውቅም። ተናደድኩ። በማግሥቱ ያላዘዘኝን ጥያቄ ሁሉ ሠርቼ መጣሁ።

ከዚያማ እያሳሳቀ ወሰደኝ። ቡድኑ ሲበተን እኛ ሁለታችን «አንድ ጥያቄ ቀርታለች» እያልን እንቀራለን። ከኪሱ የባቄላ ቆሎ እያወጣ ያካፍለኛል፤ እኔ ደግሞ የገባኝን ነገር እንዳልገባኝ ሆኜ እጠይቀዋለሁ። አንድ ቀን ሆዴ አልችል ሲለኝ «ትወደኛለህ እንዴ?» አልኩት። ቀና ሳይል «ሳልወድሽ ነው ይህን ቬክተር እንዲህ የምደጋግመው?» አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

ግን አንድ ነገር አስማልኩት፤ ለማንም እንዳይናገር። አባቴ መለሰ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው፤ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሴት ልጁ ከወንድ ጋር ታየች የሚል ወሬ ከሰማ ደሴ አክስቴ ዘንድ ጠቅልሎ እንደሚልከኝ ይዝትብኝ ነበር። አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሁለተኛውንም ልናገረው እንጂ፤ ደረጃው ላይ ያሉት ጓደኞቼ «ፍቅርአዲስ ስንቅ ወደደች» ብለው እንዲስቁብኝ አልፈለግኩም። ይሄነው «እሺ» አለ። የሱ እሺ ደግሞ እሺ ነው። ሜዳው ላይ ስንገናኝ እንደማያውቀኝ ሆኖ ያልፋል፤ እኔም እንደዚያው። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል በገባንበት መስከረም ዝናሽ መጣች።

የተመዘገበችው ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዋ ግን ከኛ እኩል ነው። የጠይም ቆንጆ፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ አንገቷ መለል ያለ። ቆንጆ አይደለችም ልላችሁ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ናት። ይሄነው ከተከራየበት ግቢ አጠገብ ተከራየች። ጠዋት አብረው ይመጣሉ። የሷ ክፍል እስኪወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ዓርብ አብረው ይወርዳሉ፤ እሑድ ደግሞ እሱ የሷን ዱቄት ተሸክሞ፣ እሷ እጇን እያወዛወዘች፣ በከተማው መሃል፣ በአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ያልፋሉ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሚስማር እየመዘንኩ በመስኮት አያቸዋለሁ። ያንን መንገድ ከሱ ጋር አንድ ቀን እንኳ ሄጄው አላውቅም። የከለከልኩት ራሴ ነኝ፤ አውቃለሁ። እሷ ትሂደው ብዬ ግን አልፈቀድኩም።

«ማን ናት?» አልኩት፣ ብቻችንን ስንሆን።

«እህቴ ናት።»

«እህት የለኝም፣ ሁላችንም ወንዶች ነን ብለኸኝ አልነበር?»

ደብተሩን ገለጠ።

«የአክስትህ ልጅ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ በየት በኩል ዞራ ነው እህትህ የሆነችው?»

«እህቴ ናት አልኩሽ» አለኝ። «ሌላውን እሷ ካልነገረችሽ እኔ አልነግርሽም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ሆድ ግን በሱ ዝምታ ነቀዘ።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ወረደ። እኛ ዳቦ በሻዮች ዣንጥላችንን ዘርግተን እየተሳሳቅን ስንወጣ፣ ይሄነው ጃኬቱን አውልቆ በዝናሽ ራስ ላይ ይዞላት በበረዶው መሃል ሲሮጡ አየሁ። እሱ በሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ጀርባው ላይ ተጣብቆበታል። ብርድ እንዳይመታው ሰጋሁለት፤ ወዲያው ደግሞ ይምታው አልኩ።

ላስቀናው ሞከርኩ። ሁዜይፋ የሚባል የከተማ ልጅ አለ፤ አባቱ ሞተር ሳይክል ገዝተውለታል። ይሄነው በሚያልፍበት ሰዓት ከሁዜይፋ ጋር ሞተሩ አጠገብ ቆሜ፣ በማያስቀው ነገር ሁሉ ጥርሴ እስኪታይ ሳቅኩ። በማግሥቱ ይሄነው መጥቶ ፊዚክሱን ከፈተና «ያ የሁዜይፋ ሞተር ዳገት ላይ ጥሩ ይጎትታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ፈይዛ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ስለ ይሄነው የነገርኩት ለሷ ብቻ ነው። ወንድሟ ያሲን ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭን ሱቅ አለው። የገጠር ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች ቪዲዮውን እሱ ጋ አምጥተው ያባዙታል። ኅዳር ላይ ፈይዛ ከደረጃው ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «ስሚ፣ የማሳይሽ ነገር አለ፤ አብሽሪ ግን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ሰርግ ነው። ዳስ፣ እልልታ፣ አቧራ። ሙሉ ሱፍ የለበሰ ልጅ በካባ የተሸፈነች ሙሽራ ታቅፎ ከቤት ወጣ። ይሄነው ነው። ያ መሬት መሬት የሚያየው ልጅ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ እግሯን መሬት ሳያስነካ ወስዶ በቅሎ ላይ አስቀመጣት፤ ራሱም ከኋላዋ ተፈናጠጠ። በቅሎዋ ስትነሳ ካባው ተንሸራተተ። ዝናሽ ናት። ይሄነው ካባውን መልሶ ሸፈነላት፤ በቅሎዋም መንገዷን ሄደች። ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ።

«ያሲን ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው የመጣልኝ ብሏል» አለች ፈይዛ።

ጥር ላይ ይሄነው ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቀርቶ ነበር። የት ጠፋህ ስለው «የጓደኛዬ ሰርግ ነበረብን» ነው ያለኝ። ጓደኛዬ ያለው ለካ ራሱን ኖሯል። ሚስት አግብቶ፣ ሚስቱን ከተማ አምጥቶ እያስተማረ፣ እኔን በቬክተር ያሞኘኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከኔ ደጃፍማ ጫካው ሁሉ ተመንጥሮ አልቋል።

«ሄደሽ እሱን ጠይቂው» አለችኝ ፈይዛ። አልጠየቅኩትም። ደግሞ «እህቴ ናት» ቢለኝ፣ ያችን ቃል ሁለተኛ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ሜዳውን አቋርጬ ቦኖው ጋ ሄድኩ። ዝናሽ ከገጠር ልጆች ጋር ተሰልፋ ውሃ ትጠጣለች። ይሄነው አልነበረም።

«ዝናሽ» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ዛሬ ባልሽ ብቻሽን ለቀቀሽ?»

«የቱ ባል?» አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«ይሄነው ነዋ። ሰርጋችሁን በቪዲዮ አየሁት። ታቅፎሽ ሲወጣ እንዴት ያምር ነበር።»

አንዷ ልጅ አማተበች። አንዱ ልጅ የቦኖውን ውሃ ዘጋ። እኔ ምስጢር ያጋለጥኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ዝናሽ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። እኔም ወደ ደረጃዬ ተመለስኩ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ግን ደስ አላለኝም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያቺ ቃል የዚያኑ ዕለት ከዓርብ መንገደኞች ጋር ቁልቁል ወረደች።

ሰኞ ከትምህርት ስንወጣ በሩ ላይ ከገጠር የመጡ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያለው ጋቢ ለብሶ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ ጎልማሳ ነው። ይሄነውንና ዝናሽን ሲያይ መንገዱን ዘጋባቸው። ተማሪው ሁሉ ከበበ፤ ዳቦ በሻዩም ስንቁም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ ብዙነህ ሽማግሌ ናቸው፤ ገጠሩም ከተማውም ይሰማቸዋል። መሃል ገብተው «እኔ በምጠብቀው በር ላይ ዱላ አይነሳም። ነገር ካለህ ተቀመጥና ተናገር» አሉት።

ሰውዬው ዱላውን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አራጌ እባላለሁ» አለ። «የዚህች ልጅ ባል ታላቅ ወንድም ነኝ።»

የዚህች ልጅ ባል። እኔ ይሄነውን አየሁት፤ ወንድሙ ይሆን ብዬ። ምንም አይመሳሰሉም።

«ይሄ ልጅ ደግሞ» አለ አራጌ በዱላው ጫፍ ወደ ይሄነው እያመለከተ፣ «የወንድሜ አንደኛ ሚዜ ነው። ሙሽራይቱን ከአባቷ ቤት ታቅፎ ያወጣት፣ በበቅሎ ያመጣልን፣ እህቴ ናት ብሎ የማለ እሱ ነው። ልጅቱ ትዳሩን አልፈልግም፣ እማራለሁ ብላ ስትወጣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ያን ጊዜም ‹ወደ ሌላ ወንድ አይደለም የምትሄደው፣ ወደ ትምህርት ነው› ብሎ ዋስ የሆነላት እሱ ነው። እኛም በሱ ዋስትና አምነን ለቀቅናት። አሁን እዚህ ግቢ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ይሄነው ባልሽ ነው ተብላለች። ሚዜ እህቱን ከያዘ ዋስትናው ፈረሰ አያ ብዙነህ። ልጅቱን ይዣት እወርዳለሁ። የሱን ነገር ደግሞ ወንድሜ ያውቅበታል።»

እኔ የማውቀው የከተማ ሚዜ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ጥሩምባ የሚያስነፋውን፣ ከሙሽራው ጋር አንድ ዓይነት ክራቫት የሚያስረውን ነው። ከተማ ውስጥ ሙሽራዋን ይዟት የሚወጣው ባሏ ነው። በነሱ ሰርግ ባልየው በራሱ በቅሎ ፊት ፊት እንደሚሄድ፣ ሙሽራዋን ተሸክሞ የሚያመጣት ሚዜው እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያም ዕድሜ ልኳን ወንድሟ እንደሚሆን ማን ነገረኝ? እኔ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት።

«ይህን ያለው ማነው?» አሉ አያ ብዙነህ።

«የመለሰ ቆርቆሮ ልጅ ናት አሉኝ። የከተማ ልጅ ናት፤ እነሱን ዋሽታ ምን ትጠቀማለች?»

ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ወደ ፊት ወጣሁ። «ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ቪዲዮ አይቼ፣ ታቅፏት ሲወጣ፣ ባሏ መስሎኝ ነው።»

የገጠር ልጆቹ ሳቁ። በራሱ በአራጌ ከንፈር ላይ ሳቅ መጣ። «ሙሽራ የሚሸከም ባል የት አገር አይተሽ ነው?» አለኝ። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። አራጌ ግን ሳቁን ዋጠው።

«ቪዲዮው ስህተት ይሁን» አለ። «ሌላውስ? ጠዋት አብረው፣ ማታ አብረው። ጎረምሳ ነው፤ እስከ ዛሬ ከአንዲት ልጅ ጋር ስሙ ተነስቶ አልሰማንም። አገሩ ሁሉ የሚያማው ለምን ይመስልዎታል? የወደዳት ልጅ ካለችው ይንገረን፣ ሐሜቱም ይቅር። ከሌለችው ያቺው ናት።»

አያ ብዙነህ ወደ ይሄነው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ የወደድካት ልጅ አለችህ?»

ይሄነው መሬት መሬት ያያል። ከሱ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ሲያየኝ ሰው እንዳይጠረጥር ነው፤ እሺ ብሎኝ የለ። ያች እሺ ስሙን ልታጠፋው፣ ምናልባትም በዱላ ልታስመታው ነው፤ እሱ ግን ዝም።

«ተናገር እንጂ» አሉት አያ ብዙነህ።

የተናገረችው ዝናሽ ናት። «አያ አራጌ፣ እሱን ይተዉት» አለች። አታለቅስም ነበር። «እኔ እመለሳለሁ። ልብሴን ላምጣና እንሂድ።»

ያን ጊዜ ይሄነው ቀና አለ። «አትመለሺም» አላት። «ከአባትሽ ቤት እያለቀስሽ ታቅፌ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። ሁለተኛ አላደርስሽም።» እንዲህ ብሎ አያት።

አስተያየቱን ልነግራችሁ አልችልም። እኔን እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ወንድም ሆኖ ነው፤ አሁን ገብቶኛል፣ ሚዜ ነው። ግን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አየው። ከኋላዬ ከደረጃው ልጆች አንዷ «ይታያል እኮ፣ እሷው ናት» ስትል ሰማሁ። ለዝናሽ ትምህርት አዝኜ፣ ለይሄነው ስም ተቆርቁሬ አፌን ከፈትኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ነበረበት። አፌን የከፈተው ግን እሱ አይደለም። ስሙ ከሷ ስም ጋር ተጣምሮ ሲጠራ፣ በውሸት እንኳ ቢሆን፣ መስማት አልቻልኩም።

«የወደዳት ልጅ አለችው» አልኩ።

«ማናት?» አለ አራጌ።

«እኔ ነኝ።»

ከዳቦ በሻዮቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ፈይዛ «ወላሂ አበደች» አለች። አራጌ አንዴ የይሄነውን ላስቲክ ጫማ፣ አንዴ የኔን ነጭ ስኒከር አየና ራሱን ነቀነቀ። «የመለሰ ልጅ ከዚህ ጋር? ልታድኛቸው ብለሽ ነው። ዓርብ ባሏ ነው አልሽ፣ ቅድም ተሳሳትኩ አልሽ፣ አሁን ደግሞ የኔ ነው ትያለሽ። አንቺን በየት በኩል ነው የሚያምኑሽ?»

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና የቀረኝን አንድ ነገር አወጣሁ።

«መለሰ ይሙት» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። በወላጅ ስም በሰው ፊት ምሎ የሚዋሽ ልጅ አባቱን በቁሙ ቀብሮታል ማለት ነው፤ ይህን ስንቁም ዳቦ በሻዩም ያውቃል። በዚያ ላይ እዚያ ከቆሙት ውስጥ ቤቱን በአባቴ ቆርቆሮ ያልከደነ ሰው ጥቂት ነው። መሐላዬ ከኔ ቀድማ ሱቅ እንደምትደርስ እያወቅኩ ነው የማልኩት።

«መለሰ ይሙት፣ ካምና ጀምሮ የኔ ነው። ለማንም እንዳትናገር ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ዝም ያለው ለዚያ ነው።»

አያ ብዙነህ ወደ ይሄነው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እሷ ካለች፣ አዎ» አለ ይሄነው። አሁን እኔን ነበር የሚያየው።

አራጌ ከድንጋዩ ተነሳ። ለጥቂት ጊዜ ፊቴን መረመረኝና ዱላውን ወደ ትከሻው መለሰ። «መለሰን አውቀዋለሁ» አለ። «ልጁ በሱ በውሸት አትምልም። እንግዲያስ ዋስትናው ይቁም፣ ልጅቱም ትማር። ወንድሜን እኔ አስረዳዋለሁ።» አያ ብዙነህን እጅ ነስቶ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

አሁን ወደኔ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ዝናሽ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች፤ ደብተሮቿ ተበተኑ። ይሄነው መጀመሪያ የሄደው እሷ ጋ ነው። አነሳት። ደብተሮቿን አንድ በአንድ እያራገፈ ሰበሰበላት። እኔ የአባቴን ስም በሞት ጠርቼ ቆሜያለሁ፣ እሱ የሷን ደብተር ያራግፋል። በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን ልብ ብያለሁ፤ ሰው አይለወጥም።

ከዚያ መጣ። «ለምን በአባትሽ ማልሽ?» አለኝ።

«ምን ላድርግ? ዝም ብለህ ልትሞትብኝ ነበር።»

«ቤትሽ ሲሰማስ?»

«ሰምቷል በለው» አልኩት። «በል፣ አድርሰኝ።»

በዋናው መንገድ፣ በመሃል፣ ሰው ሁሉ እያየን አብረን ሄድን። በየሱቁ በር ላይ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን ትተው አዩን። አንድ ጊዜ ባጃጅ ሲመጣ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር አወጣኝ። ሱቃችን ጥግ ስንደርስ ተለያየን። አጭር መንገድ ነው፤ ግን ሄጄዋለሁ።

አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም።

«በኔ ምለሻል አሉ» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

«ውሸትሽን ከሆነ ገድለሽኛል። እውነትሽን ከሆነ አዋርደሽኛል። የቱ ነው?»

አንዲት ቃል ነበረች የምታድነኝ። «ውሸቴን ነው፣ ለልጅቱ አዝኜ ነው» ብለው ይቆጣኛል፣ ሁለት ቀን ያኮርፈኛል፣ ሦስተኛው ቀን ይስቅልኛል፤ እኔም ደሴ አልላክም ነበር። ግን ያን ጊዜ ይሄነው የኔ አልነበረም ማለቴ ነው። አራጌም ነገ ይሰማዋል።

«አባባ፣ አልገደልኩህም» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ መሸኛዬን ከትምህርት ቤት አወጣ፤ በአቀስታ በኩል በሚሄደው መኪና ራሱ ወስዶ አክስቴ በር ላይ አወረደኝ። መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። ሲመለስ ግን ግንባሬን ሳመኝ።

አሁን የደሴ ተማሪ ነኝ። እዚህ ስንቅም ዳቦ በሻይም የለም፤ ከየት መጣሽ የሚለኝም የለም። ፊዚክስ ላይ አንደኛ ነኝ። ይሄነው ስልክ የለውም። ዝናሽ ግን ወንድሟ የገዛላት ባለ ቁልፍ ስልክ አላት። እሑድ ማታ አክስቴ ስልኳን ቤት ትታ ለጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እደውላለሁ። የሱን ድምፅ ለመስማት መጀመሪያ የሷን ድምፅ መስማት አለብኝ።

«እንዴት ነሽ፣ የወንድሜ ሚስት?» ትለኛለች። ከልቧ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አልረሳልሽም ብላኛለች። ለዚያ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። ክፉ ብትሆን እሰድባት ነበር፤ አሁን ምን ብዬ ልስደባት?

ትናንት ስደውል «እየበላ ነው፣ እጁን እስኪታጠብ ጠብቂው» አለችኝ። ስልኩ ውስጥ ሳህን ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እሱ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ቃሉ አልተሰማኝም። ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አሳቃችሁ?» አልኳት።

«አይ፣ እዚህ የቤታችን ጨዋታ ነው» አለች። «ርቀሽ ነው እንጂ አብረሽን ትስቂ ነበር።»

የቤታችን አለች። ወንድሟ ነው፤ በአባቴ ስም ምዬ ያስመሰከርኩላት እኔው ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እጁን እስኪታጠብ ጠበቅኩ።